የገጣጣሚዋ በደል

«ልጅቷ ናት ያበላሸችው» አለ ዓለምነው፣ ድምፁን እንደ በሽተኛ ጠያቂ ዝቅ አድርጎ። እስከዳር ከቺፕውዱ ወዲያ ካቻቢቴዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ቺፕውድ ደግሞ ምኑ ግድግዳ ነው? አንዱ በዚህ ሲያስነጥስ ሌላው በዚያ «ይማርህ» የሚልበት ነገር ነው። አጎቷ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ እሷ ከጀርባው ቁጭ ብላ እየሠራች መሆኗንም ያውቃል። ስለዚህ ወይ ትስማ ብሎ ነው፣ ወይም ብትሰማስ ምን ታመጣለች ብሎ ነው። ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም ብላ አሰበች።

«ምን አድርጋው?» አለች ሌላዋ። መምህርት ፅዮን ናት፣ ኮላ ድባ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የምታስተምር። ሰኔ ላይ ከዚሁ ሱቅ ሃያ ኮምፒውተር አስገጥማ ወስዳ ነበር። ዛሬ በጠዋት፣ ከዝናቡ ጋር፣ በትምህርት ቤቱ ፒካፕ አሥራ አንዱን መልሳ አምጥታ የሱቁን ወለል ሞልታዋለች። በርተው ሰዓት ሳይሞላቸው ድርግም ይላሉ።

«ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባ ቅባት አለ፣ ሙቀቱን ወደ ማራገቢያው የሚያሻግር። እሱን በደንብ አልቀባችውም። ልጅ ናት፣ ከገጠር ነው ያመጣኋት፤ ምን ታደርጊዋለሽ? ስህተቱ የቤቴ ነው፣ ያለ ምንም ክፍያ አስተካክልልሻለሁ።»

«እህ» አለች ፅዮን።

እስከዳርን የጎዳት ይኸው «እህ» ነው። ሰኔ ላይ ይህችው ሴት እዚህ ቺፕውድ ጀርባ ድረስ ገብታ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጣ፣ እስከዳር ስትገጥም ሁለት ሰዓት ሙሉ አይታታለች። ሲያበቁም «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አለቻት። «ስምንተኛን ጨርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ይኸው እዚህ ነኝ» ስትላት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «ከመስከረም ጀምሮ የኮምፒውተር ክፍላችንን የሚይዝ ሰው እንቀጥራለን። ቀን ትሠሪያለሽ፣ ማታ ዘጠነኛ ክፍል ትገቢያለሽ። ማደሪያም እኔው ጋ ነው» ብላት ሄደች። እስከዳር ይህን ወሬ ለማንም ሳትተነፍስ አንድ ወር ሙሉ ይዛው ከረመች። ማታ ከመተኛቷ በፊት ታወጣዋለች፣ ታየዋለች፣ መልሳ ታስገባዋለች። አጎቷ «ትማራለች» ብሎ ከኮሶዬ ከእናቷ ሲቀበላት አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አሁን አሥራ ሰባት ሞልቷታል፤ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ያየችው ደንበኛ ሆኖ ሲመጣ ብቻ ነው።

የቺፕውዱ ጀርባ ርዝመቱ አራት እርምጃ፣ ወርዱ ሦስት ነው፤ ለክታዋለች። ቀን ሥራ ቤት፣ ማታ መኝታ ቤት ይሆናል። ፍራሿ ጠዋት ተጠቅልሎ ከጠረጴዛው ሥር ይገባል፣ ማታ ኬዞቹ ወደ ጥግ ተገፍተው እሱ ይዘረጋል። መስኮቱ የሚያሳየው የውኃ ሮቶ ነው፤ ሮቶው ሲሞላ ይንጠባጠባል፣ ሲጎድል ዝም ይላል፣ ትርኢቱ ይኸው ነው። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ አጎቷ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ «እንዳይጠፋብሽ» ብሎ ነው የወሰደው። እውነት ለመናገር እስካሁን አልጠፋም። የሱቁ ታፔላ ላይ «ዓለምነው ኮምፒውተር ማምረቻና መሸጫ» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ማምረቻው እሷ ናት።

ነገሩ የቅባት እንዳልሆነ አጎቷም ያውቃል፤ ሰኔ ላይ ራሷ ነግራዋለች። ፕሮሰሰር ማለት ኮምፒውተሩ የሚያስብበት፣ ከብስኩት የማይበልጥ ነገር ነው፤ የቀረው ሁሉ፣ ኬዙም ሽቦውም ማራገቢያውም፣ ለእሱ ማደሪያ የተሠራ ነው። ዓለምነው ለእነዚያ ሃያ ኮምፒውተሮች ፕሮሰሰር የገዛው እንደ ሁልጊዜው ከአቶ ፊልጶስ ነበር። ዕቃው ካርቶን አልነበረውም፤ የእንቁላል መያዣ በመሰለ ፕላስቲክ ተደርድሮ መጣ። እስከዳር የመጀመሪያውን ገጥማ ስታበራው ስክሪኑ ላይ የወጣው ስም መጨረሻው ላይ የማታውቀው ፊደል ነበረበት። በስልኳ ፈልጋ ደረሰችበት። የላፕቶፕ ነው። የሆነ አገር ያሉ ብልጦች ከላፕቶፕ ነቅለው፣ ከታች ሌላ ሰሌዳ በይደው፣ ከላይ ስስ መዳብ አልብሰው የዴስክቶፕ አስመስለውታል። መዳቡ ስለሚሳሳ ማራገቢያው ጥሩ አድርጎ አይጫነውም፤ ስለዚህ ይግላል፤ ሲግል ራሱን ያጠፋል። ቅባቱን በባልዲ ብትደፋበት ለውጥ የለውም። ይህን ሁሉ ለአጎቷ ስትነግረው «ይበራል አይበራም?» አላት። «ይበራል።» «በቃ ግጠሚ።»

ዓለምነው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ፊልጶስ የመድኃኔዓለም ማኅበር ወንድሙ ነው፤ በየወሩ በሃያ ሰባት ከአንድ ጽዋ ይጠጣሉ። የዓለምነው ትንሹ ልጅም የክርስትና ልጁ ነው። ከእንዲህ ያለ ሰው ዕቃ መግዛት አቆምኩ ማለት ሰላምታ አቆምኩ ማለት ነው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው ደግሞ ፊልጶስ ብቻ ሳይሆን አሥራ ሁለቱም የማኅበሩ ሰዎች ናቸው። ሰው ሚስቱን ለመፍታት እንኳ ይህን ያህል ምክንያት አይጠየቅም። ይባስ ብሎ ዛሬ ሐምሌ ሃያ ሰባት ነው፤ ተራው የዓለምነው ነው፤ ከጓሮ በኩል ባለው መኖሪያ ቤት የጠላው በርሜል ከትናንት ጀምሮ ተተክሏል።

ሚስቱ እታገኘሁ ፅዮንን ቁርስ ልታበላ ወደ ቤት ስትወስዳት ዓለምነው ወደ ቺፕውዱ ጀርባ መጣ። ቆሞ ነበር የሚያወራው፤ መቀመጫ ቢኖርም እዚህ ክፍል ተቀምጦ አያውቅም።

«ሰምተሻል አይደል?»

«ግድግዳው ነገረኝ።»

«ምላስሽን ሰብስቢ። ለበጎ ነው ያልኩት። ዕቃው ነው ብላት ከየት ገዛኸው ትለኛለች። ከፊልጶስ ስላት ትሄድበታለች። ዛሬ ከሰዓት እዚህ እኔው ቤት ቁጭ ብሎ ጽዋ ሊጠጣ ነው፤ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«የኔ ስምስ?»

«ያንቺ ስም የት ይሄዳል? እዚሁ አይደለሽ?»

ይህን ያለው በክፋት አይደለም። እናቷም እንዲህ ዓይነት አነጋገር አላት፤ እህትና ወንድም ናቸውና አንድ ቤት የተማሩት ነው። ከዚያ ድምፁን አሁንም ዝቅ አድርጎ «ነጃት ጋ ሂጂ» አላት። «አሥራ አንድ ፕሮሰሰር፣ በካርቶኑ፣ ደኅናውን። እደውልላታለሁ። ብቻ በፊልጶስ ሱቅ ፊት እንዳታልፊ።»

«ነጃት እኮ ከፊልጶስ ፊት ለፊት ናት።»

አሰበ። «እንግዲያው ፈጠን ብለሽ እለፊ» አላት።

የጎንደር የሐምሌ ዝናብ አይዘንብም፣ ይደፋል። ከፒያሳ ቁልቁል የሚወርደው ጎርፍ የበቆሎ ቅርፊትና አንድ እግር ነጠላ ጫማ ይዞ ይሮጣል። እስከዳር የእታገኘሁን ዣንጥላ ይዛለች፤ ሁለት ዘንጉ የተሰበረ ነው፣ ስለዚህ ግማሽ ሰው ነው የሚያስጠልለው። ነጃት ሱቅ ደርሳ ስትራገፍ ነጃት ከባንኮኒው ጀርባ ተነስታ ፎጣ ወረወረችላት።

«አጎትሽ ነቃ በይኛ! ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ሆኜ በፊቴ ሲያልፍ አየዋለሁ። አንገቱን እንዳያዞር እንዴት ይጠነቀቅ መሰለሽ፣ የኔ ቆንጆ፤ አንድ ቀን ከባጃጅ ጋር ሊላተም ነበር።»

«ዛሬም ተደብቄ ነው የመጣሁት።»

«ከማን? ከዚያ?» ነጃት በአገጯ በመስታወቱ ወደ ማዶ ጠቆመች። ማዶ አቶ ፊልጶስ በሱቁ በር ላይ ኩርሲ አውጥቶ ዝናቡን ያያል። ሥራ ሲጠፋ ዝናብ ያያል፣ ፀሐይ ሲሆን ሰው ያያል፤ ሁለቱንም እኩል ይወዳል።

ነጃት ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አወጣች። እያንዳንዱ ታሽጎ፣ ማራገቢያው አብሮት በካርቶኑ ውስጥ ሆኖ፣ ከነዋስትና ወረቀቱ ነው። «አንዱ ከዚያኛው በአራት ሺህ ብር ይበልጣል፤ ምነው ተወደደ እንዳትዪኝ» አለች። «ቢበላሽ ግን እቀይራለሁ። ፊልጶስ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይተካል።›» እስከዳር ሳቀች፤ ዛሬ መጀመሪያ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው። ካርቶኖቹን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ስትወጣ ግን ፊልጶስ ኩርሲው ላይ አልነበረም። መንገዱን ተሻግሮ ነጃት በር ላይ ቆሟል። ዣንጥላዋን ቀና አድርጎላት ፌስታሉን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ፌስታሉን አየ።

«እስከዳር፣ ደኅና ነሽ የኔ ልጅ? ዛሬ ማኅበራችን እናንተ ቤት ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«በይ እንገናኛለን» አለና ተመለሰ።

ለአጎቷ አየኝ አላለችውም። ብትለው «ፈጠን በይ አላልኩሽም?» ከማለት ሌላ የሚያመጣው ነገር የለም። ገብታ ካቻቢቴዋን አነሳች። አሮጌውን አውጥታ አዲሱን ስታስገባ፣ ማራገቢያው ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ፣ ስታበራው ስሙ ስክሪኑ ላይ ያለ ትርፍ ፊደል ሲወጣ ደስ አላት፤ ደስታው ግን ወዲያው ጠፋ፤ ምክንያቱም ይህ ኮምፒውተር ኮላ ድባ ይሄዳል፣ እሷ ደግሞ ከሮቶው ጋር ትቀራለች።

አምስተኛውን ስትጨርስ ፅዮን መጣች። ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። እንደ ሰኔው ካርቶን ላይ አልተቀመጠችም። እስከዳር አፏን ሳትከፍት ሁለቱን ፕሮሰሰሮች ጎን ለጎን መዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋችላት፤ የፊልጶስን ገልብጣም የተበየደውን ሰሌዳ በጥፍሯ አሳየቻት። ፅዮን መነጽሯን ከፍ አድርጋ ጎንበስ አለች። ብዙ አላስፈለጋትም።

«ቅባት አይደለማ» አለች።

«አይደለም፣ ቲቸር።»

ፅዮን ቀና ብላ ወደ ቺፕውዱ አየችና በሹክሹክታ ማውራት ጀመረች። «ስሚ፣ ዳይሬክተሩ ምክንያቱን በጽሑፍ ይፈልጋል። የሠራተኛ ስህተት ካልኩ አጎትሽ ዛሬውኑ በነጻ ይቀይርልኛል፣ ብሎኛል። ዕቃው ነው ካልኩ አምጪው ጋ ሂዱ ይላል፤ አምጪው ደግሞ ሌላ ጋ ይለናል፤ እዚያ ለክረምት ትምህርት መቶ ስልሳ ልጅ ነው የሚጠብቀኝ።»

«እና የገጣጣሚ ስህተት ብለው ሊጽፉ?»

«ጽፌዋለሁ።»

«የተሳሳተች ገጣጣሚ ትቀጥራላችሁ?»

ፅዮን የሞላችውን ፎርም ወደ ቦርሳዋ ከተተች፣ ዚፑን ዘጋች፣ ዚፑ በትክክል መዘጋቱን ደግሞ አየች። «እመቤቲቱ ለማኅበሩ ካልቆየሽ ብላ ይዛኛለች» አለችና ወጣች። እስከዳር ካቻቢቴውን ጥላ ትንሽ ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ ግን እታገኘሁ ከጓሮ «እስኪ ያን ብረት ጣይውና ብርጭቆ እጠቢ!» ብላ ጮኸች። ለማልቀስ እንኳ ተራ አልነበረም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎኑ ሞላ። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ ከጎረቤት የተለመነ አግዳሚ ገብቶ፣ ጠላውና ዳቦው ቀርቦ፣ ጽዋው በቀይ ጨርቅ እንደተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ቄሱ ሌላ ማኅበር ላይ ስለዘገዩ የማኅበሩ ሙሴ አያ ፋንታሁን ናቸው የሚመሩት፤ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ነው። ማክሰኝት እህል ሲነግዱ የኖሩ፣ ሰው ሲያዩ እንደ ጆንያ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚገምቱ ሽማግሌ ናቸው። ፅዮን በእንግድነት በሩ አጠገብ ተቀምጣ ዳቦ ይዛለች። እስከዳር ማንቆርቆሪያ ይዛ ጠላ ትቀዳለች።

ጽዋው ከመነሳቱ በፊት አያ ፋንታሁን እንደ ወጉ ጠየቁ። «ወንድሞቼ፣ በመካከላችን ቅር የተሰኘ አለ? ካለ ጽዋው ሳይነሳ ይናገር። ጽዋ ባለበት ቤት ውሸት የለም።» ሌላ ጊዜ «የለም፣ የለም» ይባልና ይታለፋል። ዓለምነው «የለም» ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር።

«እኔ አለሁ» አለ ፊልጶስ።

ፊልጶስ አልተቆጣም፤ ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር የያዘው፣ ከቁጣ የሚብሰውን። «ወንድሜ ዛሬ ልጅቷን በዝናብ ነጃት ጋ ልኳል። ይላክ፣ ገበያ ነው። ግን የኔ ዕቃ ምን ጎደለው? ከጎደለውስ ምነው ለእኔ አልነገረኝም? ልጁን ያነሳሁለት ሰው አይደለሁም? ይህን ነው የምጠይቀው።»

ሁሉም ወደ ዓለምነው ዞሩ። ዓለምነው ፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለ። እስከዳር አጎቷን እንደዚያ ተጨንቆ አይታው አታውቅም፤ ትንሽ እንኳ አሳዘናት፤ አፉን እስኪከፍት ድረስ።

«ፊልጶስ ወንድሜ፣ ዕቃህ ምንም አልጎደለውም። ያንተ ዕቃ ሙያ ያለው እጅ ይሻል፤ እኔ ቤት ያለው እጅ ደግሞ ይኸው የምታየው ነው። የነጃት ማራገቢያው አብሮት በካርቶን ይመጣል፣ ሕፃንም ይገጥመዋል። ለዚህች ልጅ ብዬ ነው የቀየርኩት። ዕቃህን ይግላል፣ ይጠፋል እያለች ያወራችውም እሷው ናት።»

«ስም አጥፍታለች በለኛ» አለ ከአግዳሚው አንዱ።

«ልጅ ናት። ትውደቅበትና ይለቅ» አለ ሌላው፣ ዳቦውን እያኘከ። ነገሩ በዚህ ተወሰነ። እታገኘሁ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀበለቻትና ድንጋይ ፍለጋ ወጣች። ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ ነው፤ ከብዙ ፍለጋ በኋላ የጠላውን በርሜል ደግፎ የቆመውን ድንጋይ ይዛ ገባች። ለእንግዳ የሚቀርብ ይመስል አጥባዋለች። ድንጋዩ ገና ውኃ እየተንጠባጠበ እስከዳር ትከሻ ላይ ተቀመጠ፤ ውኃው በጀርባዋ ወረደ። ፊልጶስ እግር ሥር ተንበረከከች። ቄጠማው ጉልበቷን ወጋት። በሩ አጠገብ የፅዮን ጭቃ የነካው ጫማ ይታያታል፤ ጫማው አይንቀሳቀስም።

«በይ፣ ይቅር በሉኝ በይ» አላት ዓለምነው።

እስከዳር ገጠር ሰው ሲታረቅ አይታ ነው ያደገችው። ኮሶዬ ላይ በድንበር የተጣሉ ሰዎች እግር ላይ ሲወድቁ ሁልጊዜ ከይቅርታው የሚቀድም አንድ ነገር ነበር። ከተሜው አጣድፎ ዘለለው እንጂ።

«ጋሼ ፊልጶስ» አለች፣ «ይቅር እንዲሉኝ መጀመሪያ ምን እንደበደልኩዎ ይንገሩኝ።»

«ኧረ ይቺ ልጅ!» አለች እታገኘሁ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አያ ፋንታሁን እጃቸውን አንስተው። «እውነቷን እኮ ነው። በደሉ ሳይነገር ምኑ ይቅር ይባላል? ፊልጶስ፣ ንገራት እንጂ።»

ፊልጶስ ቀና ሲል ዓይኑ ቀዩ ጨርቅ ላይ አረፈ። የዕቃውን ነገር እዚህ ቤት ካለ ሰው ሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ስሜን በሐሰት አጠፋች ቢል በጽዋው ፊት የተናገረው ሐሰት ይሆናል። ቆይቶ «ምንም አልበደለችኝም» አለ። «ልጅ ናት፣ ተነሺ የኔ ልጅ።»

እስከዳር ድንጋዩ ሥር ሆና ተነፈሰች። አሥራ ሁለት ሰው ሰምቷል፣ ፅዮንም ሰምታለች። ምንም አልበደለችም! ልትነሳ አንድ እግሯን አስቀድማ ሳለ ግን ፊልጶስ ሳቅ አለና የዓለምነውን ጉልበት መታ መታ አደረገው። «እንግዲህ እሷም ካልበደለች፣ ዕቃዬም ካልጎደለው፣ ጸባችን በምን ነው? የነጃትን ካርቶን ነገ መልስላትና ከእኔው ውሰድ። አሥራ አንድ አይደል የምትፈልገው? ሃያ አለኝ!»

ሰዉ ሳቀ፣ «ይኸው ነው ወንድም!» ተባለ። ዓለምነውም ሳቀ፤ ጥርሱን የሚነቅሉለት ሰው እንደሚስቀው። ምን ይበል? ከፊልጶስ የሚያስጥለው አንዲት ሰበብ እሷ ነበረች፤ እሷ ደግሞ አሁን ንጹሕ ሆናለች። በሩ አጠገብ ፅዮን ዳቦዋን ሳህኑ ላይ መልሳ ሳህኑን መሬት አስቀመጠችው።

እስከዳር ያን ሳህን አየች። ሥራ ቤት ቀርተው ካርቶናቸው ያልተከፈተ አምስት ፕሮሰሰሮች ነገ ይመለሳሉ። የፊልጶስ ዕቃ እንደገና ይገባል። ኮላ ድባ ያለው ክፍል ሰዓት እየቆጠረ ድርግም ይላል፤ ድርግም የሚል ክፍል ደግሞ የሚይዘው ሰው አያስፈልገውም። በደለኛ ብትሆን ኮምፒውተሮቹ ደኅና ይሆናሉ፣ እሷ ትቀራለች። ንጹሕ ብትሆን ኮምፒውተሮቹ ይበላሻሉ፣ እሷም ያው ትቀራለች። የፈለገችውን ብትመርጥ በሩ ወደዚያው ወደ ሮቶው ነው። እንዲህ ከሆነማ፣ አለች በልቧ፣ ቢያንስ በደሌን ራሴ ልምረጠው። ያስቀደመችውን እግር መልሳ ተንበረከከች።

«ጋሼ ፊልጶስ ረስተው ነው» አለች። «በድያለሁ።»

ሳቁ ቆመ።

«በደሌ ይህ ነው። ግጠሚ ተብዬ ሳለ ገልብጬ አየሁት። ለዴስክቶፕ ብለው የሰጡን የላፕቶፕ ነው። ከታች ሌላ ሰሌዳ ተበይዶበታል፣ ከላይ መዳብ ለብሷል፤ የሚግለውም ለዚያ ነው። ማየት አልነበረብኝም፣ አየሁ። ስላየሁ ይቅር ይበሉኝ፣ ስለ መድኃኔዓለም።»

እታገኘሁ ጠላ እየቀዳች ነበር፤ ብርጭቆው ሞልቶ ሲፈስ አላየችውም። አያ ፋንታሁን ልጅቱን እንደ ጆንያ መዘኗት፣ ከዚያ ፊልጶስን መዘኑት።

«ፊልጶስ፣ በደሏን ተናገረች። ምነው ዝም አልህ? ወይ ውሸቷን ነው በል፣ ጽዋው ይኸውና፤ ወይ ይቅር በል።»

ፊልጶስ ቀለበቱን በጣቱ ላይ አዞረ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ፤ ከአጠገቡ ያለ ሰው እንኳ የሰማው በግድ ነው።

«ሸጋ» አሉ አያ ፋንታሁን። ራሳቸው ተነስተው ድንጋዩን ከትከሻዋ አወረዱ። «ዓለምነው፣ ዕቃህን ከምትሻው ግዛ። በየወሩ ግን እዚህ ትገናኛላችሁ።» ጨርቁ ተገለጠ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ጽዋው ዞረ፤ ዓለምነው ጠጥቶ ለፊልጶስ አሳለፈ፣ ፊልጶስም ጠጣ። ከዚያ ስለ ጤፍ ዋጋ ተወራ፤ ሁሉም ስለ ጤፍ ዋጋ እንዲህ ብዙ የሚያውቅ መሆኑ የሚገርም ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ የመጨረሻው ኮምፒውተር ፒካፑ ላይ ተጭኖ ሸራ ሲለብስ፣ ፅዮን ሱቁ ውስጥ ፎርሙን አውጥታ የጻፈችውን ሰረዘችው። በምትኩ «ፕሮሰሰሩ ተቀይሯል» ብላ ጻፈች፤ ለምን የሚለውን አልጻፈችም። ከዚያ ለዓለምነው «አንድ ነገር ልለምንህ» አለችው። «ከመስከረም ጀምሮ እስከዳርን ስጠኝ።»

ዓለምነው ማንንም አላየም። «እንዴት ሆኖ፣ መምህርት? ዛሬ በአሥራ ሁለት ሰው ፊት ይቅር ተባብለን? ብትወጣ ቂም ይዞ አባረራት አይሉኝም? ታርቀናል እኮ። ቤቷ እዚህ ነው።» እስከዳር በሩ አጠገብ ቆማ ሰማችው። ለካ ተጣልቶ መውጣት ይቻላል፤ ታርቆ መውጣት ነው የማይቻለው።

ፅዮን አልተከራከረችም። ብቻ ፎርሙን እያጠፈች «የቀሩት ዘጠኙስ?» አለች። «እዚያ ያሉት። እነሱም ያው ናቸው እኮ፣ ገና ተራቸው አልደረሰም እንጂ። ፒካፑ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ለሌላ ሥራ ተመድቧል። ዕቃና ሰው ላክልኝ።»

ዓለምነው ጺሙን አሸ። ለነጃት ደወለ፣ ዘጠኝ አለኝ አለች፣ በመንገዳችሁ ላይ ውሰዱት አለች። ሰው የሚለው ነው የከበደው። በሱቁ ውስጥ ሰው የሚባለው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ እሱ ታፔላውን አሰቀለ እንጂ በሕይወቱ አንድ ፕሮሰሰር በእጁ አስገብቶ አያውቅም።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ እስከዳርን ጠየቃት።

አንዱ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ዘጠኙ ከምሳ በፊት ያልቃል።

«ሦስት ቀን» አለች እስከዳር፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

«ለዘጠኝ?»

«አብርቶ አንድ በአንድ መጠበቅ አለበት። ቸኩለሽ ነይ ካልከኝ እመጣለሁ፤ ከዚያ ሲጠፋ ግን እሷው ናት እንዳትለኝ።»

ዓለምነው ወደ ፅዮን ዞረ፤ ኮምፒውተር የምታስተምር ሰው ናትና እንድትዳኝ። ፅዮን ቀኑን ሙሉ አፏን ዘግታ የዋለች ሴት ናት። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ዚፑን አየች፣ ከዚያ ዓለምነውን ትክ ብላ አየችው።

«ሦስት ያንሳል» አለች። «አምስት ይሁን።»